በሙት ካፖርት ኪስ የቀረው የርክክብ ወረቀት

ወንድሜ ደርቤ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት አቶ ገዱ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእናቴ ጎን ተቀመጡና አለቀሱ። ሊሄዱ ሲነሱ ግን ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

ደርቤ የአቶ ገዱን መኪና ለሁለት ዓመት ተከራይቶ ከደባርቅ ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ጎብኚ እንግዶችን ያመላልስ ነበር። ውሉ ያለቀው እሱ አልጋ ላይ ሳለ ስለሆነ መኪናዋን የመለስኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት አቶ ገዱ ዙሪያዋን አይተው፣ «ምንም አይደል፣ እሱ ብቻ ይዳን» ብለውኝ ነበር። አሁን ወረቀታቸው ላይ የተሰነጠቀ የፊት መስታወት፣ የተጨራመተ የግራ በር፣ የተቀደደ የሹፌር ወንበር፣ የተሰበረ የኋላ መብራት ተዘርዝሯል። ድምሩ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር ይላል።

«ባልጠይቅ ደስ ባለኝ» አሉ። «ነገር ግን ዕዳ ነፍስ ያስራል። ከአርባው በፊት ጨርሱት የምለው ለእሱው ብዬ ነው።»

«ላሞቹ ይሸጣሉ» አለች እናቴ ወዲያው። ያሉን ሁለት ላሞች ናቸው፤ የምንኖረውም በእነሱ ነው።

«እማዬ፣ እሱ እንደሰበረው በምን እናውቃለን?»

«ዝም በይ! ልጄን ከመቃብሩ አውጥተሽ ልትሟገቺበት ነው?»

በእኛ ዘንድ የሙት ዕዳ ነው ከተባለ አይከራከሩበትም። አቶ ገዱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ጠረጠርሁ። የአቶ ገዱን እንባ ጠረጠርሁ፤ ዋጋ የተመነላቸውን ጋራዥ ጠረጠርሁ። የሚያሳፍረኝ ግን ደርቤንም መጠርጠሬ ነው። «መኪናዋን እንደ ዓይኔ ነው የምይዛት» ይለኝ የነበረው ውሸት ይሆን?

የውሉን ቅጂ ብፈልግ ከሳጥኑ አጣሁት። አቶ ገዱም «የእኔም ጠፍቶብኛል» አሉ። በኋላ ትዝ አለኝ፤ ደርቤ ወረቀት የሚይዘው በጥቁር ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ነበር። ካፖርቱን ደግሞ በሰባተኛው ቀን ለንስሐ አባታችን ለአባ መልከ ጼዴቅ ሰጥተናል። የሙት ኪስ መፈተሽ ስስት ይመስላል ብለን እንዳለ አጥፈን ነው የሰጠናቸው።

የሰጠችውን መልሳ ልትወስድ መጣች እንዳይሉኝ እየፈራሁ ሄድሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው።

አባ ፈገግ አሉ። «እኔም ኪሱን አልነካሁትም። ቄሱ ኪስ ፈታሽ ናቸው ብትሉኝስ?»

ካፖርቱን አመጡልኝ። ኪሱ ውስጥ ጥቂት የቆሎ ፍሬና የታጠፈው ውል ነበሩ። በጀርባው ደርቤ በዘመመ ጽሕፈቱ፣ «ስረከብ የፊት መስታወቱ ስንጥቅ አለው። የግራ በር ተጨራምቷል። የሹፌሩ ወንበር ቀዳዳ አለው» ብሏል። ከሥሩ የሁለቱም ፊርማ አለ። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ጠርጥሬው ነበርና።

«አባ፣ ዕዳ ነፍስ ያስራል ይላሉ።»

«ያለበትን ክፈሉለት፣ ልጄ። የሌለበትን መክፈል ግን በሐሰት መመስከር ነው።»

ማታ ውሉን ለእናቴ አንብቤ አባ ያሉትን ነገርኋት። በማግሥቱ ከእሷና ከአባ ጋር አቶ ገዱ ቤት ሄድን። ፊርማውን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይኼማ እንደ ወንድም አምኜው፣ ሳላነብ የፈረምሁት ነው።»

«ጉዳቱ ግን ቀድሞም ነበረ» አልኋቸው።

«ደርቤ ቢኖር እንዲህ አይናገረኝም ነበር!»

«ደርቤ ቢኖር እርስዎም አይጠይቁትም ነበር።»

 እናቴ ቀና አለች። «መብራቱን እንከፍላለን። በቅሎ አድናለሁ ብሎ ወደ ኋላ ሲመልስ ከድንጋይ ያጋጨው እሱ ነው፤ ነግሮኛል። የመብራቱን ዋጋ ደረሰኝ ያምጡ። ደረሰኝ ሳላይ ግን ሳንቲም አልሰጥም። ላሞቼንም አልሸጥም።»

አቶ ገዱ ደረሰኙን አመጡ፤ መብራቱን ከፈልን፤ ሌላ ዕዳ እንደሌለብን ጽፈው ፈረሙልን። ጥፋቱ የእኔም ነበር። መኪናዋን ስመልስ «ምንም አይደል» ያሉትን አጽፌ ባስፈርማቸው ኖሮ እናቴ በሐዘኗ ላይ ይህ ባልተጨመረባት። እናንተም ስትረከቡ ጻፉ፤ ስትመልሱም አስፈርሙ። ወዳጅን ማስፈረም ነውር አይደለም።

ካፖርቱን ለአባ መለስሁላቸው። በዚህ ጊዜ ኪሱን ፈትሼ ነው። ቆሎውን አስቀርቼዋለሁ።