ሦስተኛው ምድጃ

ጡረተኛው ሹፌር በዳቦ ቤቱ የዱቄት መጋዘን ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ከኮቱ ኪስ የተፈረመበት ወረቀት ወጣ። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ለድርጅቱ ባለቤት አሳየችው።

«የርክክብ ቅጽ ነው» አለ ባለቤቱ። «በእኛ ስም ሦስት ዳቦ ቤት ለመክፈት የማስፋፊያ ክፍያ ከፍሏል። የመጀመሪያ ዳቦውን ጋግሮ የአሠራር መመሪያውን ተረክቦ ከፈረመ፣ ክፍያው አይመለስም።»

«ካልፈረመስ?»

«ይመለሳል።»

«ማን አስረከበው?»

ባለቤቱ አዲስ ገቢዎችን ዳቦ መጋገር ወደምታስተምረው አሠልጣኝ አየ።

«እኔን አይዩኝ» አለች አሠልጣኟ። «ዛሬ ከእሳቸው ጋር አልተገናኘንም።»

የሟች ሚስት ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። አጠገቧ ወንድሟ ቆሟል፤ ባሏን ከድርጅቱ ያገናኘው ደላላ እሱ ነው።

«ቤታችንን ሸጠን ነው የከፈልነው» አለች። «የሚከራይ ሱቅ ሲያጣ ገንዘቡን ላስመልስ አለ። ትናንት ለባለቤቱም፣ ለአሠልጣኟም፣ ለወንድሜም ነግሯቸዋል።»

የዳቦ ቤቱ በር ቁልፍ ያለውም በእነዚሁ በሦስቱ እጅ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ብቻዋን ወደ መጋገሪያው ክፍል ገባች። አራት ምድጃዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛውን ስትከፍተው የሴት ጫማና ጃንጥላ አገኘች። አሠልጣኟን ጠራቻት።

«የእኔ ነው» አለች አሠልጣኟ። «ምድጃው ከተበላሸ ሁለት ወሩ። ያስጠግኑት ብዬ ብዬ ሲደክመኝ ቁም ሣጥን አደረግኩት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ፊት ለፊት ካለው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ቅጹ ላይ ዳቦው የተጋገረው በምድጃ ቁጥር ሦስት ነው ተብሏል» አለች። «አሠልጣኟ ጫማዋን የምታስቀምጥበትን ምድጃ አትጽፍም። ባለቤቱም የማስጠገኛውን ገንዘብ የከለከሉ ራሳቸው ናቸው። ይህን የጻፈው መጋገሪያው ክፍል ገብቶ የማያውቅ፣ እዚህ ቢሮ ተቀምጦ ውል የሚያስፈርም ሰው ነው። ፊርማውንም ከውሉ ላይ እያየ አስመሰለው።»

ሁሉም ወደ ደላላው ዞሩ።

«የክፍያው ሩብ ያንተ ኮሚሽን ነው» አለችው። «ክፍያው ሲመለስ አንተም ትመልሳለህ። የት አለ?»

«በላሁት» አለ ደላላው አቀርቅሮ። «እቴ፣ ‹ትንሽ ታገሠኝ› ብዬ ለመንኩት። ‹የት ልደር ነው?› ብሎ ጥሎኝ ሊሄድ ሲል ገፋሁት። ወደ መጋዘኑ የሚያስወርደው በር ክፍት መሆኑን አላየሁም።»

«ቅጹን ሞልተህ ኪሱ ስትከት ግን አይተሃል» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እህቱ ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ባሌ አልፈረመም። ይመለሳል ብለዋል።»

ባለቤቱ ውሉን ገለጠ። «ይመለሳል። የደላላው ሩብ ተቀንሶ ነው ታዲያ። እሱን ከራሱ ይቀበላሉ።»

ሴትየዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ወንድሟን መኪና ውስጥ እያስገቡት ነው። እግሩን ሲያነሣ አዲሱ ጫማው በፀሐዩ አብለጨለጨ።