በፍልሰታ መግቢያ፣ በኡምብርያ መንገድ

ነሐሴ ፩ ቀን ፳፻፲፫ ዓመተ ምሕረት፣ ጾመ ፍልሰታ በገባበት ቅዳሜ ጧት፣ ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ ከፔሩጃ ከተማ ወጥቶ በኡምብርያ ኮረብቶች መካከል ይጠማዘዝ ነበር። የወይራው ተክል በተርታ ቆሟል፤ ሱፉ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሯል፤ ስንዴው ታጭዶ ገለባው እንደ በርሜል ተጠቅልሎ በየማሳው ተጋድሟል። በላስታ ይህ ወቅት የጉምና የጭቃ ነው፤ ገብሱ ገና አላሸተም፤ ድኻው የጎተራውን ግርጌ የሚጠርግበት ወራት ነው። ወይዘሪት ብርቅዬ ኢያቄም በመስኮቱ አጠገብ ብትቀመጥም የባዕዱን አገር ጥጋብ አላየችውም፤ ዓይኗ ከስልኳ አልተነቀለም።

ብርቅዬ የላሊበላ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ኢያቄም በነአኩቶ ለአብ ገዳም ዜማ የሚያስተምሩ፣ ስኳር በሽታ የጠናባቸውና ያለ መርፌ ውለው የማያድሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ እርሷም የጥንት ድንጋይ ሕንፃ ከመፍረስ የሚድንበትን ጥበብ ልትማር ወደ ኢጣሊያ የተሻገረችው በእርሳቸው ምርቃት ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የትግራይ ተዋጊዎች ላሊበላን እንደ ያዙ ተሰማ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ የከተማው ስልክ ሁሉ ጭጭ አለ። በዚያ ጧት አባቷ የፍልሰታን ሰዓታት ቆመው ይሁን፣ በየትኛው ጥግ ተደብቀው ይሁን፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግራት አልነበረም።

በፊተኛው ወንበር ኤልሳቤጥ ተቀምጣለች። ኤልሳቤጥ የተምቤን ገጠር ልጅ ናት፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት ወደ ፔሩጃ መጥተው፣ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ከአንድ ድስት ሲበሉ የነበሩ ባልንጀሮች ናቸው። በጥቅምት ወር ጦርነቱ ሲነሣ አልተሰዳደቡም፤ በመጀመሪያ ዜናውን በየክፍላቸው ዘግተው መስማት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ምግቡን ለየብቻ ማብሰል መጣ፤ በጥር ብርቅዬ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። የኤልሳቤጥ አገር ስልክ ተዘግቶ እናቷን ሳትሰማ ወራት ስታሳልፍ፣ ብርቅዬ አንድ ቀን እንኳ «ከቤት ሰማሽ ወይ?» አላለቻትም።

አውቶቡሱ ከአንድ ገደል ሥር ቆመ። መምህራቸው ፕሮፌሰር ሞሬቲ፣ ደግ አሮጊት፣ ከለስላሳ አለት የተፈለፈለች ትንሽ የመነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገቧቸውና፣ «ይህች ለእኛ ብርቅ ናት፤ ከመካከላችን ግን ተራራ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከሚፈለፈልበት አገር የመጣች አለች። ብርቅዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪን» አሉ፤ ላሊበላ በምን ላይ እንደ ነበረች አልሰሙም።

ብርቅዬ ወደ ፊት ወጣች። «ከተማችን…» ብላ ጀመረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ተማሪዎቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ኤልሳቤጥ ከኋላ ሆና በኢጣሊያንኛ መናገር ጀመረች፦

«በልጅነቴ እናቴ ለገና በእግር ላሊበላ ወስዳኛለች። ስንደርስ እግሬ ቆስሎ ነበር፤ አንዲት የማላውቃቸው የላሊበላ እናት በራቸው ላይ አስቀምጠው እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። ሌሊቱን ሕዝቡ በቤተ ማርያም ዙሪያ በገደሉ አፋፍ ቆሞ ሲዘምር ድንጋዩ ራሱ የሚዘምር መስሎኝ ነበር።»

ፕሮፌሰሯ እንባቸውን ጠረጉ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። ብርቅዬ ብቻ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ቀትር ላይ በአንድ ገበሬ ቤት፣ በወይን ዳስ ሥር፣ ምሳ ቀረበ። ሥጋውና አይቡ በገበታው መካከል ሲዞር ሁለቱ ጾመኞች ዳቦና ቲማቲም ይዘው ሳይፈልጉ በገበታው ጫፍ ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ስለ ተናገርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ብርቅዬ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ስለ እናቴ ነው የተናገርሁ።»

«አባቴ መድኃኒት የላቸውም። ከተማውን ከያዙት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

ኤልሳቤጥ ዳቦውን ቆረሰች እንጂ አልጎረሰችውም። «እኔ የእናቴን ድምፅ ካጣሁ ዘጠኝ ወር አለፈኝ። አንቺ በዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ስታዪኝ ወደ ኋላ ትመለሺ ነበር።»

ድሮ በስልክ የሚያጫውታቸው፣ የሒሳብ ተማሪ የነበረው የኤልሳቤጥ ታናሽ ወንድም ለብርቅዬ ትዝ አላት። «ክብሮምስ?» አለች።

«ከተዋጊዎቹ ጋር ወጥቷል ሲሉ በሰው በሰው ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማሁም።» ዳቦውን አስቀመጠችና፣ «ማን ያውቃል፣ ዛሬ ካንቺ አገር ይሆን ይሆናል» አለች።

ብርቅዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እንግዲያውስ አባቴ አንድ ነገር ቢሆኑ ደማቸውን ከወንድምሽ እጅ ነው የምጠይቀው።»

ኤልሳቤጥ ቀና ብላ አየቻት። በዚህ መካከል የቤቱ ጌታ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዞ ደረሰና እየሣቀ፣ «እኅትማማቾች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደለንም» አለች ኤልሳቤጥ። በመመለሻው መንገድ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከመጨረሻው ወንበር ሆነው ገቡ።

በጥር ፳፻፲፬ የብርቅዬ እናት ወይዘሮ እታገኘሁ በሰው ስልክ ደወሉ። መሪጌታ ኢያቄም በመስከረም ዐርፈው ነበር። ጥይት አልነካቸውም፤ መንገዱ ተዘግቶ መርፌው አለቀ፤ ለፍትሐታቸውም የደረሱት ጥቂት ካህናት ብቻ ነበሩ። «ስምሽን ሲጠሩ ነበር» አሉ እናቷ።

ኤልሳቤጥ መርዶውን ከሰው ሰምታ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። በሩን አንኳኳች። «ብርቅዬ፣ እኔ ነኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው።» ብርቅዬ ከበሩ ኋላ ቆማ የኤልሳቤጥን ትንፋሽ ትሰማ ነበር፤ እጇም መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ አልከፈተችም። ኤልሳቤጥ ድስቱን ደጃፉ ላይ አኑራ ሄደች። ብርቅዬ ንፍሮውን ሳትቀምስ ደፋችው፤ ድስቱንም አጥባ በሌላ ሰው እጅ ላከችላት።

ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ በስምምነት ቆመ፤ ኤልሳቤጥም ወደ ቦሎኛ ተዛወረች። በጥቅምት ፳፻፲፮ በትግራይ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰብ ሁሉ መርዶ ሲነገር የክብሮምም ተነገረ። ብርቅዬ ይህን እንደ ሰማች በባቡር ተሳፍራ ቦሎኛ ወረደች። ደረጃው ላይ ቆማ ብዙ አመነታች፤ በመጨረሻ አንኳኳች። ኤልሳቤጥ ጥቁር ለብሳ ከፈተችላት።

«ግቢ» አለች።

ብርቅዬ ተቀመጠች። በመንገድ ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «እግዜር ያጥናሽ» ብቻ አለች።

«አሜን። ላስታ ውስጥ ነው የወደቀው ብለውናል። የቱ ጋ እንደ ሆነ አልነገሩንም። እናቴ ከመቃብሩ አፈር አስመጪልኝ ትለኛለች።»

ብርቅዬ መቃብሩን ልታጠያይቅ እዚያው ወደ እናቷ ደወለች። ወይዘሮ እታገኘሁ ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በየእርከኑ ዳር የተቀበሩ ብዙ ናቸው። ከዚያ ወገን ይሁኑ ከዚህ፣ ሣር በቅሎባቸው ማን ይለያቸዋል? የቀበሯቸውም ገበሬዎች ስማቸውን አያውቁም። ለእናቱ እንዲህ ብለሽ አትንገሪያት።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና ኤልሳቤጥ ሁሉንም ሰምታለች። ተነሥታ ውሃ ጣደች።

ላሊበላ በየትኛው ቀን እንደ ተያዘች፣ በየትኛው ቀን እንደ ተለቀቀች፣ እንደገናም ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈች ዛሬ ተጽፎ ይገኛል፤ ጸሐፊዎቹም ቀኑን አልሳቱም። መርፌ አጥተው ያለፉት መሪጌታና ያለ ስም እርከን ሥር የቀረው የሒሳብ ተማሪ ግን በዚያ ጽሕፈት ውስጥ የሉም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስታውሷቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከዚያ ከቦሎኛው ቀን ወዲህ አልተገናኙም።