ብረቱ ላይ የቀረው ጉድጓድ

«ይሄ የሽጉጥ ጥይት ሥራ አይደለም» አሉ ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትን የብረት ሳህን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። የተኩስ ክለቡ ሊቀመንበር ናቸው፤ ዒላማዎቹን አንድ በአንድ ቆርጠው የበየዱትም እሳቸው ናቸው። «የሽጉጥ ጥይት ብረት ላይ ተጨፍልቆ ይወድቃል። ይህን የቦረቦረው ትልቅ ጠመንጃ ነው። ከእንግዲህ እዚህ ላይ የሚያርፍ ጥይት ስንጥሩ ተመልሶ የሰው ዓይን ያወጣል።»

ብሪን ውድድሩን ከሚጠብቁት ወጣቶች መካከል ቆማ ትሰማ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ ግን ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ያደረው ሁሉ ሲጨልምባት ነው የከረመው።

«ሐሙስ መዝገብ ላይ የፈረምከው አንተ ብቻ ነህ፣ ራሞን» አሉ ሚስተር ሃልቨርሰን።

«የብሪንን ማነጣጠሪያ ላስተካክል ነው የመጣሁት» አለ ራሞን። «ትልቁ ጠመንጃዬ ቤት ነበር።»

ራሞን የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነው። ክረምቱን ሙሉ የራሱን ካርባይን፣ ቀለል ያለች ጠመንጃውን፣ እያዋሰ ያስተማራት እሱ ነው። «ቁመቷ የጠመንጃ፣ ጉርሻዋ የሽጉጥ» ይላል ስለ ካርባይኗ። «ትከሻሽን አትረግጥም፣ ጆሮሽን አታደነቁርም። ትከሻሽ ስለሚደግፋት እንደ ሽጉጥ እጅሽ ላይ አትዋልልም። ብረቱንም አትጎዳም። ደግሞ ለሽጉጤ የገዛሁትን ጥይት እንካፈላለን፤ ምን ቀረሽ?»

የቀረባትማ ዴል የተባለውን ጉረኛ ልጅ አፍ መዝጋት ነበር። «አሻንጉሊትሽን ይዘሽ መጣሽ?» አላት በሰው ፊት። ብሪን በገነች። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ታላቅ ወንድሟን ኮርትን ለምና ትልቁን ጠመንጃውን አስመጣችው፤ ራሞን ከሄደ በኋላም ሳይፈርሙ ወደ ተኩስ ሜዳው ገቡ። የተኮሰችው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ስንጣሪው ተመልሶ የኮርትን ባርኔጣ ጫፍ ቀደደው። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት።

«የክለቡን በር ቁልፍ አምጣ» አሉ ሚስተር ሃልቨርሰን።

ራሞን ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጥፍሩ እስኪታጠፍ ታገለ፤ አስረከባቸው። ከዚያ ወደ ብሪን ዞሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ማነጣጠሪያውን ትንሽ ወደ ግራ አድርጌዋለሁ፤ እንዳትነካኪው። ዛሬ አንቺን የሚችል የለም» አላት።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ኀፍረቱ ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት።

«ብሪን፣ ተራሽ ነው!» ተባለ ከመስመሩ።

ብትናገር ዘንድሮ ውድድር የሚባል ነገር እንደማይኖራት ታውቃለች። ኮርትም ከክለቡ ይባረራል፤ ቤት ስትገባ ምን እንደሚላት አሰበች። ካርባይኗ ገና ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። ብሪን ቦርሳውን አንስታ ወደ መስመሩ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ቁልፉን ይመልሱለት፣ ሚስተር ሃልቨርሰን። የተኮስኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃው የኮርት ነው።»

ከኋላዋ ዴል ሳቅ ሲል ሰማች። ሚስተር ሃልቨርሰን መነጽራቸውን አወለቁ። ብሪን የራሞንን ዓይን ማየት ስላልቻለች ጫማውን እያየች የእሱን ካርባይን የያዘውን ቦርሳ ዘረጋችለት።

ቶሎ አልተቀበላትም። ክንዷ እየዛለ ቢመጣም፣ ሳታወርደው ጠበቀችው።