አዋጁ ዓርብ ገበያ የተነበበ ዕለት

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግንቦት ሰባት ቀን ዓርብ፣ የታች ጋይንት ሰው እንደ ልማዱ አህያውን እየነዳ ወደ ዓርብ ገበያ ይጎርፍ ነበር። ከጉና በኩል ደመና መቋጠር ጀምሯል፤ ዝናቡ ሳይቀድመው እርሻውን ሊያዘጋጅ የሚሻ ገበሬ ሁሉ የደነዘ ማረሻውን በትከሻው ይዞ መጥቷል። ፀሐይ ከፍ ስትል በገበያው መካከል ነጋሪት ተጎሰመ፤ የሚገዛውም የሚሸጠውም ተሰበሰበ።

የተሰበሰበውም አዋጅ ለመስማት ነው። አዋጁ ከአዲስ አበባ የወጣው በጥር ቢሆንም፣ ወንዝ ለወንዝ ሲጓዝ ጋይንት የደረሰው ገና በዚያ ሳምንት ነበር፤ የአገሩ ሹም ባላምባራስ ሞላም ፊደል አያውቁምና፣ እንዲያነቡላቸው የቤተ ልሔም ደብሩን የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስን አስጠርተው ነበር። መሪጌታ ገና አርባ ያልሞላቸው፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ማኅሌት ላይ ሲያነሡት ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቆመውን ሁሉ ያስለቅሳል ይባልላቸዋል። በዚያ ድምፅ አዋጁን አነበቡት። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ፤ ሠርቶ የሚያድር እንዲከበር የሚያዝ፤ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር።

«ታዲያ ጠይብን ጠይብ ካላልነው ምን ልንለው ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሕዝቡም ሳቀ።

ጠይብ የተባሉት አንጥረኛው አበጀና ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ ታንጉት ነበሩ። ሁለቱም ክርስትና የተነሡ ሲሆኑ በገበያው ዳር፣ ከሰው ተለይተው ይቀመጣሉ። የጋይንት እርሻ ያለ አበጀ መዶሻ አንድ ትልም አይወጣም፤ ሆኖም ገበሬው ማረሻውን ከእጁ አይቀበለውም፤ አበጀ መሬት ላይ ያኖረዋል፣ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል። ሰው ቢታመም፣ ላም ወተቷ ቢነጥፍ፣ ዓይን የሚያርፈው በነርሱ ላይ ነው።

መሪጌታ ግን ማንም የማያውቀው ነገር ነበራቸው። በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ ሲረግፍ፣ እርሳቸው ገና ተማሪ ሳሉ፣ ከስማዳ ሲመለሱ ጉልበታቸው ከድቷቸው ወድቀው ነበር። ደሴ የሚባል አንጥረኛ አንሥቶ ከጎጆው አገባቸው፤ ከጥቂቷ የገብስ ቆሎው ለትንሽ ልጁ አንድ እፍኝ፣ ለእርሳቸው አንድ እፍኝ እየሰጠ እስኪድኑ ድረስ ሁለት ሳምንት አኖራቸው። ያቺ ልጅ ታንጉት ናት። መሪጌታ ከዚያ ቤት መብላታቸውን ለንስሐ አባታቸው እንኳ ተናግረው አያውቁም፤ ገበያ ላይ ሲያገኟት በዓይናቸው ብቻ ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። በዚያ ቀን አዋጁን ሲያነቡ ግን ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ የራሳቸው አፍ ሊናገረው ያልደፈረውን የንጉሥ አፍ የተናገረላቸው መስሏቸው።

ሕዝቡ ገና ሳይበተን ከገበያው ዳር ጩኸት ተሰማ። የባላምባራስ ሞላ ልጅ ሚስት፣ ፋንቱ፣ እንስራ ልትመርጥ ጎንበስ እንዳለች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ፋንቱ ከበሽሎ ቆላ፣ ከእናቷ ቤት ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብርድ ብርድ ሲላት፣ ሲያተኩሳትም ሰንብቷል። አማቷ ወይዘሮ የሻረግ ግን ይህን አላስታወሰችም።

«በላቻት! ልጄን በላቻት! በዓይኗ ስታያት አይቻለሁ!»

ሰው እንደ ጎርፍ ዞረ። እንስራው ተረጋገጠ። አበጀን አራት ሰዎች ያዙት፤ ታንጉትን በሹሩባዋ እየጎተቱ ከበሽተኛዋ እግር ሥር ጣሏት።

መሪጌታ ወረቀቱን እንደያዙ ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ። «ተዉ! በእግዜር፣ ተዉ! አሁን የሰማችሁት አዋጅ ምን ይላል?»

ባላምባራስ ሞላ ቀስ ብለው መጡ። «መሪጌታ፣ አዋጁ አትስደቡ አለ እንጂ ልጃችሁን አስበሉ አላለም» አሉ።

«ባላምባራስ፣ ይህ የቆላ ንዳድ ነው። ልጅቱ ከበሽሎ ይዛው የመጣችው ነው። ይህችም ሴት እንደኔና እንደርስዎ ሰው ናት።»

«ሰው ከሆነች ከእጇ ይቅመሱላታ!» አለች የሻረግ እንባዋን እየጠረገች።

ሕዝቡ ቃሉን ተቀበላት። «ይቅመሱ! ይቅመሱላት!»

ታንጉት ከመሬት ቀና አለች። ከንፈሯ ደምቷል። ለምሳ የያዘችውን ግማሽ ዳቦ ከጉያዋ አወጣች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አልለመነችም። ዓይኗ ግን ያን የገብስ ቆሎ እንደምታስታውስ ይናገር ነበር።

መሪጌታ እጃቸውን ሊያነሡ አሰቡ። ወዲያው ቤተ ልሔም ታየቻቸው፤ ነገ ከጎናቸው ማኅሌት የሚቆም እንደማይኖር፣ ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው እንደሚሄዱ፣ ሕፃን በታመመ ቁጥር ሰው ወደርሳቸው ቤት እንደሚመለከት ታያቸው። እጃቸው ከወረቀቱ አልላቀቅ አለ።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ፤ «ጾም ነው።»

ከፊት የቆመው ሽማግሌ፣ ጣሰው የሚባለው ገበሬ፣ በእውነት ግራ ገብቶት «ኧረ የኔታ፣ በበዓለ ኀምሳ የምን ጾም አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቁም አዋጁን ሲሰሙ ከሳቁት ይበልጥ ነበር። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። «አያችሁ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፤ «እሳቸውም ያውቋታል።»

ታንጉት ዳቦውን መልሳ ከጉያዋ አስገባች። የቆሎውን ነገር ጮኻ ብትናገር ማን ያግዳት ነበር? አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ በግድ በበሽተኛዋ ላይ እንትፍ እንድትል አደረጓት፤ ከቀሚሷ ቀደው ፋንቱን አጠኑበት፤ አበጀ ሚስቱን ሊያስጥል ቢታገል ቀኝ ክንዱን በዱላ ሰበሩት። መሪጌታ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆመው ነበር፤ የሄዱት ሕዝቡ ሲሄድ ነው።

ፋንቱ እሑድ ሞተች። ሰኞ ጧት፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው የአንጥረኛውን ቤት አቃጠለው።

መሪጌታ ማክሰኞ ወደዚያ ወረዱ። ምን ሊሏቸው እንደሄዱ ራሳቸውም አያውቁትም፤ ምናልባት አብረው ማዕድ ሊቀርቡ፣ ምናልባት እግራቸው ላይ ሊወድቁ። ያገኙት የተናደ ግድግዳና አመድ ነው። ከማዶ እንጨት የምትለቅም አስካለ የምትባል ባልቴት አዩና ጠየቋት።

«ወንዙን ተሻገሩ፣ የኔታ። እሱ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ፣ እሷ ወናፉን አዝላ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ። ወደ እስቴ ይሁን ወደ ስማዳ፣ የሚቀበላቸው አገር ካለ።»

«ለኔ ያለችው ነገር የለም?»

አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው። «ለርስዎ ምን ትበል?» አለችና እንጨቷን መልቀም ቀጠለች።

በሳምንቱ ባላምባራስ ሞላ መሪጌታን እንደገና አስጠሩ፤ የአዋጁ መነበብ ለበላይ ሹም በደብዳቤ መታወቅ ነበረበት። መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ተቀመጡ፤ ባላምባራስም ተናገሩ፦ «አዋጁ ግንቦት ሰባት ቀን በዓርብ ገበያ ተነበበ፤ ሕዝቡም እሺ ብሎ ሰምቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ ብለው ይጻፉ።»

«የሴቲቱስ ነገር?» አሉ መሪጌታ።

«የትኛዋ ሴት?»

ባላምባራስ በቁጣ አልተናገሩትም፤ በእውነት የጠየቁ ይመስሉ ነበር። መሪጌታም እንደተባሉት ጻፉ፤ ጽሕፈታቸውም እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

በዓመቱ ዓርብ ገበያ ሌላ አንጥረኛ ከሩቅ አገር መጣ፤ በዚያው ዳር አስቀመጡት፤ የመጀመሪያውን ማረሻ ስሎ ለገበሬው በእጁ ሲዘረጋለት፣ ገበሬው እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ መሬቱን በአገጩ አሳየው። መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረው፣ በክብር አርጅተው ሞቱ። አዋጁ ተነገረ፤ መልካም አዋጅም ነበር፤ ዘመኑን የጻፉ ሰዎች ቢያመሰግኑት ተገቢ ነው። ስለ ጋይንት የቀረው ግን ያ ደብዳቤ ነው፤ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ የሚለው፤ እጅግ ባማረ ጽሕፈት፣ አንድ ፊደል ሳይሰረዝበት።