የድሉ ከበሮ በማን እጅ ይመታ

የደንሳር ጦር ከሦስት ዓመት ዘመቻ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነጎዳ ከቤቱ ጠፋ።

ነጎዳ የመንግሥቱ የድል ከበሮ ነው። በዱላ አይመታም፤ በባዶ መዳፍ ነው። ቆዳው ሕያው ነው፤ እያንዳንዱ ምት ከመቺው ዕድሜ አንድ ወር ይበላል። የድሉ ምት ዘጠኝ መቶ ስለሆነ ሰባ አምስት መቺዎች ተሰልፈው ይካፈሉታል፤ አንዱ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ አይከፍልም። የመጨረሻው ምት ሲሰማ ከጦርነት የተመለሰ ሁሉ ጦሩንና ጋሻውን ከበሩ ውጭ ይከምራል፣ በቀኝ እጁ ቄጠማ ይዞ ይገባል። ብረት ይዞ ወደ ድግስ መግባት በደንሳር ነውር ነው። ከአያት ከቅድመ አያት እንዲሁ ነበር።

ንጉሥ ኦርማን አደባባይ ወጣ። መቶ በሬ ታስሯል፤ ጠጁ በየጋኑ ፈልቷል።

«ከበሮ የሌለው ድል ወሬ ነው» አለ። «ሕዝቤ ሦስት ዓመት አለቀሰ። አንድ ቀን ይሳቅ! ነጎዳን የሚያመጣልኝ ማነው?»

ታልማ ከመቺዎቹ ሰልፍ ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። ምቱን ያስተማራት የከበሮው ጠባቂ አባ ሉጋም ነበር፤ እሱም ከከበሮው ጋር ጠፍቷል። የጦሩ አለቃ ኢላም ወንድሟ ነው። ከእርሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

«ጦሩ ከበር ሳይደርስ ነጎዳን ባልመልስ» ብላ ማለች፣ «ምድር አጥንቴን አትቀበል፤ ስሜን የሚጠራ አይኑር።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ ጎራብ ነው፤ አንድ ዓይኑን በጦርነት ያጣ፣ ሃምሳ የሞላው ባለመጥረቢያ። ሌላው ዱካ አንባቢው ንኤሮ ነው።

«ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰውዬ ነው የምናሳድደው?» አለ ጎራብ። «ለመሆኑ እሱ ነው ከበሮውን የተሸከመው ወይስ ከበሮው እሱን?»

«በቅሎ አለችው» አለ ንኤሮ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«አንተን ያገባች ሴት ጽድቋ ነው።»

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ ገምዝ መጣባቸው። ገምዝ የጅብ ዘመድ ነው፤ ጠጉር የለውም፣ ቁመቱ የበቅሎ ያህል ነው። ደንሳር ሦስት ዓመት የተዋጋቻቸው ጠላቶች፣ ኮራዞች፣ ይጋልቡታል። ሁለት ነበሩ፤ በላያቸውም ሁለት ኮራዞች።

የመጀመሪያው የንኤሮን ፈረስ ጉሮሮ ይዞ በአንድ ንክሻ ቆረጠው። ንኤሮ ከፈረሱ ሥር ተንከባሎ ወጣ፤ ጦሩን ከታች ወደ ላይ በአውሬው ሆድ ሰደደ። የአውሬው አንጀት በንኤሮ ራስ ላይ ፈሰሰ። ጎራብ ጋላቢውን ከነራስ ቁሩ ፈለጠው። ሁለተኛው አውሬ ታልማን ከኮርቻዋ ጣላት፤ ጥርሱ ጋሻዋን ሲሰባብር ጩቤዋን በዓይኑ ውስጥ እስከ እጀታው ከተተች። አውሬው ደረቷ ላይ ሞተ። ጋላቢው ሊሸሽ ሲል ንኤሮ ከኋላው ደርሶ አረደው።

ጎራብ እያለከለከ ቆመ። «ኮራዞች ከታላቁ ወንዝ ማዶ ሸሹ አልተባለም እንዴ?»

ንኤሮ የአውሬውን እግር አንሥቶ አየ። «ይህ ከሩቅ አልመጣም። መዳፉ ላይ የቅርቡ ደን ጭቃ ነው ያለው።»

አባ ሉጋምን ከቀትር በኋላ ዋሻ ውስጥ አገኙት። ከበሮውን ደገፍ ብሎ ደረቅ ቂጣ ያኝካል። ጎራብ አንገቱን ይዞ አስነሣው።

«ሌባ! በዚህ ዕድሜህ!»

«ተወኝ፤ የቀሩኝ ጥርሶች ይረግፋሉ» አለ ሽማግሌው። «ታልማ፣ ቶሎ መጣሽ። ደግ አስተምሬሻለሁ ማለት ነው።»

«ለምን ወሰዱት፣ አባ?» አለች ታልማ።

«የልጅ ልጄን ሬሳ ፍለጋ ከጦር ሜዳው ወርጄ ነበር። አላገኘሁትም። ነገር ግን አየሁ። የኮራዝ ሬሳ ሞልቷል፤ የገምዝ ሬሳ አንድም የለም። ሰዉን አስፈጅቶ እንስሳውን የሚያተርፍ ሽሽት የት ታይቷል? ዱካቸውን ተከተልኩ። ንጉሣቸው ሹርጋ ሁለት ሺህ ገምዝ ይዞ ከበራችን በስተምሥራቅ ደን ውስጥ ተኝቷል። ነጎዳን ነው የሚጠብቀው። ልጆቻችን ጦራቸውን ከምረው ቄጠማ ሲይዙ ሊበላቸው።»

«ለንጉሡ አልነገሩም?»

«ነገርኩ። ‹ሽማግሌ ደስታ ይፈራል› ብሎ ሳቀብኝ።»

ጎራብ እጁን ከሽማግሌው አንገት አነሣ፤ የተጨማደደውን ነጠላም አስተካከለለት።

ታልማ ከከበሮው አጠገብ ተቀምጣ አሰበች። ከበሮውን ብትደብቀው ሹርጋ ይታገሣል፤ ጦሩ ወደየመንደሩ ሲበተን ይወጣል። ብትመልሰው ወንድሟና አራት ሺህ ሰው ባዶ እጃቸውን ይታረዳሉ።

«እኛ እንመታዋለን» አለች በመጨረሻ። «በበሩ ፊት ካለው ኮረብታ ላይ። ንኤሮ፣ ወደ ኢላም ሂድ። ጦሩ መሣሪያውን የከመረ ይምሰል፤ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጦር በቄጠማ ሸፍኖ እጀታውን ይርገጥ። ሹርጋ ሲወጣ ብረት ይጠብቀው።»

«ኮራዞች ምቱን ያውቁታል» አለ አባ ሉጋም። «ዘጠኝ መቶው ሳይሞላ አይወጡም። ሰባ አምስት መቺ የለንም፤ ከተማ ገብተን ብንጠራቸው ንጉሡ ይከለክለናል። ሦስት ነን።»

«አውቃለሁ።»

«የኔ ዕድሜ እንኳ ለሰላምታም አይበቃም።»

«እንግዲህ ሰላምታውን እርስዎ ያቅርቡ» አለ ጎራብ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጦሩ ሜዳው ላይ ደረሰ። ንኤሮ ቀድሞ ኢላም ዘንድ ደርሷል፤ ሰዎቹ በየቄጠማቸው ክምር አጠገብ ቆሙ። አባ ሉጋም ከኮረብታው ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ቆዳው ላይ አሳረፈ። ድምፁ ከምድር ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። አርባኛው ምት ላይ ሽማግሌው ግንባሩን ከበሮው ላይ አስደገፈ፤ አላነሣውምም። ታልማ ሬሳውን ገፋ አድርጋ ለጎራብ ቦታ ሰጠች።

«ምት አላውቅም እኮ» አለ።

«ትከሻህን እመታልሃለሁ። አንተ ተከተል።»

ተከተለ። በመቶኛው ጢሙ ሸበተ። በሁለት መቶኛው ጥርሶቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ተፋቸው።

«እስቲ እዪኝ፤ አባቴን መሰልኩ?»

«አባትህን አላውቃቸውም።»

«አስቀያሚ ሰው ነበር» አለ ጎራብ፣ ሳቀም። ጥቂት ከመታ በኋላ እጁ አየር ላይ ቀረ። ታልማ እጁ ሳይወርድ የራሷን አወረደች፤ ምቱ አልተቋረጠም።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ነበረች። ስድስት መቶ ሃያ ምት ቀርቷል። ቆዳዋ እንደ ቅጠል ሲደርቅ፣ ጣቶቿ ሲጣመሙ፣ ዓይኗ ሲደበዝዝ ተሰማት። አልቆመችም።

ዘጠኝ መቶ ሲሞላ ደኑ ተከፈተ። ሁለት ሺህ ገምዝ ሜዳውን አለበሰው። ሹርጋ ከፊት ነበር፣ ቀይ ጎፈር ደፍቶ። ሃምሳ ክንድ ሲቀረው ኢላም እጁን አነሣ፤ አራት ሺህ ጦር ከቄጠማው ውስጥ ተነሣ።

የመጀመሪያው ረድፍ በብረቱ ላይ ተሰካ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ወጣ። አውሬዎቹ በቆሰሉ ጊዜ ጋላቢዎቻቸውን ይነክሱ ነበር። ሰዎች የተቆረጠ ክንድ እየረገጡ፣ በደም እየተንሸራተቱ ተዋጉ፤ ጦሩ የተሰበረበት በድንጋይ፣ ድንጋይ ያጣ በጥርሱ። ኢላም የሹርጋን አውሬ ጉልበት ቆረጠ፤ ሹርጋ ሲወድቅ ጎፈሩን ጨብጦ ፊቱን ከድንጋይ ጋር መታው፣ እስኪለሰልስ ድረስ መታው።

ግን አንድ ነገር ታልማ አላሰበችም። የከተማው ሕዝብም ነጎዳን ሰምቷል። በሩን ከፍቶ፣ ቄጠማ ይዞ፣ እልል እያለ ወጣ። እንደ ወጉ ሰባ አራቱ መቺዎች ከፊት ነበሩ። ከዳር ያመለጡ መቶ ያህል ገምዞች ሰልፉ ላይ ወደቁ። ታልማ ከኮረብታው ላይ ጮኸች፤ የወጣው የአሮጊት ድምፅ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ወታደሮቹ እስኪደርሱ እልልታው ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር። ከመቺዎቹ አንድም አልተረፈም።

ቀትር ላይ አለቀ። ኢላም እስከ ክርኑ ደም ለብሶ ኮረብታውን ወጣ። ከሁለት ሬሳ መካከል አንዲት ሽበታም ሴት ተቀምጣለች።

«እናቴ» አላት፣ «እዚህ የነበረች ወጣት አላዩም? ከበሮውን የመታችውን?»

ሴቲቱ ቀና ብላ አየችው። «ንኤሮን የላክሁብህ እኔ ነኝ፣ ኢላም።»

የኢላም ጦር ከእጁ ወደቀ። ተቀመጠ። እጇን ይዞ ገልብጦ አየው፤ መዳፏ ላይ ቆዳ አልነበረም።

ንጉሥ ኦርማን በነጭ ካባ ከነአጀቡ መጣ። ሜዳውን አየ፤ ፊቱ ገረጣ፣ ግን ራሱን አስተካከለ።

«ሹርጋ ሞቷል! ደንሳር ድናለች!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለሞቱት እናዝናለን፤ ለዳኑት ግን ይጨፈራል። ድግሱ ይቀጥል፣ ነጎዳም ይመታ!»

«ይመታ እንጂ!» አለ ጆሮው የተቆረጠ ወታደር። «ሦስት ዓመት ጭቃ ላይ የተኛሁት ለምን ነው? ለልቅሶ ነው?»

«እህቴ እዚያ ተዘርራ አንተ ትጨፍራለህ?» አለው ሌላው፤ ደረቱንም ያዘው። ሊማቱ ሆነ።

ታልማ በኢላም ትከሻ ተደግፋ ቆመች።

«ተዉት፤ ልክ ነው። ደስታ ይገባዋል» አለች። «ንጉሥ ሆይ፣ መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ ነጎዳ ይኸው። መቺዎቹ ግን አልቀዋል። ድግሱን ያዘዘ መዳፉን ያሳርፍ። ዘጠኝ መቶውን አልልም። አንድ ምት። የአንድ ወር ዕድሜ።»

ንጉሡ ወደ ከበሮው ቀረበ፤ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ቆዳው በጥቂቱ ሲተነፍስ አየ። እጁ እዚያው ቆየች፣ የጣት ያህል ከፍ ብላ። ከዚያም ወደ ካባው ውስጥ መለሳት። ከጦሩ የተረፈው ሁሉ አየው።

ንጉሡ ዞሮ በእግሩ ወደ ከተማው ወረደ። አጀቡ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ግማሹ ብቻ ተከተለው። ጆሮው የተቆረጠው ወታደር ከሁሉ ቀድሞ ጎንበስ አለ፤ የጎራብን ሬሳ አነሣ። መቶው በሬ በዚያ ሳምንት ለሐዘንተኛው ታረደ።

ኢላም እህቱን አዘላት። ክብደት አልነበራትም።

«ወዴት ልውሰድሽ?»

«ወደ እነ ጎራብ መቃብር» አለች። «ሲቆፈር ልይ። ከዚያ ቤት እንገባለን።»