የአስፋ መኪና ለምን ተርገፈገፈች

አስፋ የሞተው መሪውን እንደጨበጠ ነው። መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን 1978፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስድስት ዓመት በገዛ እጁ የጠገናት የስልሳ ዓመት አሮጊት መኪና ከጄኔቭ ዳርቻ፣ ከቬርኒየ ቁልቁል ስትወርድ የፊት ጎማዎቿ ተርገፈገፉ፤ መሪው ከእጁ አመለጠ፤ ግንብ ተቀበለው።

የጄኔቭ ፖሊስ ጥፋቱን በቢረሳው ላይ ጣለ። ቅዳሜ ዕለት የጎማዎቹን ክብደት አመጣጥኖ ባላንስ ያደረገው መካኒክ እሱ ነበርና። የቢረሳው የጥገኝነት ጥያቄ ገና አልጸደቀም። ከተፈረደበት ወደ ደርግ ይመልሱታል፤ እዚያ የሚጠብቀው ጥይት ነው።

የሟቹ ሚስት የወይንሐረግ ሻለቃ ኅሩይን አስጠራች። ኅሩይ አዲስ አበባ ሳለ የመኪና አደጋ መርማሪ ነበር፤ ዛሬ በጄኔቭ ፕላንፓሌ ሰፈር የተማሪዎች ቤት ዘበኛ ነው። ማዕረጉ እንጂ ዓይኑ አልተሻረም። ከአስፋ፣ ከቢረሳውና ከወዳጃቸው ከወልደሥላሴ ጋር ስምንት ዓመት ከአንድ ማዕድ በልቷልና ሳይውል ሳያድር መጣ።

ስብርባሪው ተጎትቶ የአስፋ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ኅሩይ፣ የወይንሐረግ፣ ቢረሳውና ወልደሥላሴ ባሉበት፣ ያልተጎዳውን የፊት ግራ ጎማ በክሪክ አነሣው።

«ባላንስ እንዴት ነው የምትሠራው?»

«በድሮው ዘዴ፣ ሻለቃ። ጎማውን አዞረዋለሁ። ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ታች ይቆማል። በትይዩው ለክብደት የእርሳስ ብረት በሽቦ አስራለሁ። ከዚያ ሚዛኑ ተስተካክሎ የትም ይቆማል።»

ኅሩይ አዞረው። እርሳሱ ታች ቆመ። ደገመው፤ እንደገና ታች።

«ከባዱ ጎን ላይ ነው የታሰረው» አለ።

ቢረሳው ወደ ጎማው ተጠጋ። «እኔ አይደለሁም! ቅዳሜ ይኸው ወልደሥላሴ ከባዱን ጎን የማመለክትበትን ጠመኔ ይዞልኝ ነበር፤ ጠይቀው።»

ኅሩይ ተንበረከከ። ከእርሳሱ ትይዩ፣ ቸርኬው ላይ፣ ሽቦ የፋቀው አዲስ ጭረት አየ። ወደ የወይንሐረግ ዞረ።

«ቅዳሜ ከተሠራች በኋላ ነድቷታል?»

«እሑድ ሁላችንንም ቅዳሴ ወስዶናል። በአንድ ጣት ነበር የሚነዳት።»

«ሰኞስ?»

«ጋራዥ ቆማ ዋለች። ቁልፉ ያለው እኔ፣ ቢረሳውና ወልደሥላሴ ዘንድ ነው።»

ኅሩይ ሰኞ የት እንደዋሉ ለየብቻ ጠየቃቸው። የወይንሐረግ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። ቢረሳው አሠሪው ቤት ምሳ ተጋብዞ፣ የበግ ጥብስ እየሸተተው ሰላጣ ብቻ በልቷል። ወልደሥላሴ እንባውን እየጠረገ መለሰ፤ «ቪንተርቱር ከተማ ነበርኩ። ፖስታ ቤት ተሰልፌ ለእናቴ መድኃኒት ልኬ ማታ ተመለስኩ። ምነው አስፋ ጋ በዋልኩ!»

ኅሩይ የሆስፒታሉንና የምሳውን ነገር ምስክር ጠይቆ አረጋገጠ። ዓርብ ዕለት ሦስቱንም የወይንሐረግ ሳሎን ሰበሰበ። አንድ ፖሊስ ኮሪደር ላይ አስቀመጠ።

«ጎማው ቅዳሜ በትክክል ተሠርቷል። ቸርኬው ላይ ያለው ጭረት የእርሳሱን የመጀመሪያ ቦታ ያሳያል። እሑድ መኪናዋ ደህና ነበረች። እርሳሱ የተዛወረው ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ የፋሲካ ማግስት ነበር።»

«ምን ፋሲካ?» አለ ወልደሥላሴ ፈጠን ብሎ። «ሁዳዴ መች ተጋመሰና!»

«የፈረንጆቹ ፋሲካ እሑድ ነበር። ማግስቱም በዓል ነው። ቢረሳው ጾመኛ ሆኖ በግ የቀረበለት ለዚያ ነው። አንተ የራሳችንን ብቻ ስትቆጥር ረሳኸው። በዚያ ቀን በቪንተርቱር የተከፈተ ፖስታ ቤት የለም።»

የወይንሐረግ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እሑድ ማታ አስፋ ‹ከመካከላችን ስማችንን ለደርግ የሚልክ አለ› አለኝ። ማክሰኞ የሰውዬውን ማንነት ከሚነግረው ሰው ጋር ቀጠሮ ነበረው። ‹ይህን ያዋየሁት አንድ ወዳጄን ብቻ ነው› ብሎኝ ነበር።»

«ያ ወዳጅ ባላንስ እንዴት እንደሚሠራ ቅዳሜ ቆሞ ተምሯል» አለ ኅሩይ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ወልዴ፣ እኔም አምኜህ ነበር።»

«እናቴን አስረውብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ወልደሥላሴ። «ምን ላድርግ?»

«እኛስ ከድንጋይ ተወለድን?» አለች የወይንሐረግ።

ቢረሳው ከመቀመጫው ተነሣ። እንዳይታሰር ብሎ ከቤት ቤት እየዞረ ፊርማ ሲያሰባስብለት የሰነበተው ይኸው ወልደሥላሴ ነው።

«ቢመልሱኝ ኖሮ» አለ ቢረሳው፣ «አየር ማረፊያው ላይ የደርግ ሰዎች ስሜን ያውቁት ነበር?»

«ከሁሉ በፊት የላክሁት ያንተን ስም ነው» አለ ወልደሥላሴ።

ኅሩይ በሩን ከፈተና ፖሊሱን ጠራው።