ከኋላ የታሰረ ቋጠሮ

የአስጎብኚው የካሳሁን አስከሬን ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥቶ ገና ሳይደርቅ ገዳዩ ተገኘ ተባለ፤ ጉማሬ። ጉማሬ ጠበቃ አያቆምም፣ ይግባኝ አይልም፤ ለሰነፍ መርማሪ ከዚህ የተመቸ ተከሳሽ የት አለ? ከእሱ ጋር የሚታሰር ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጀልባ ነጂው ጋሽ ገብረየስ ተያዙ። ጎብኚዎቹን ጉማሬ በሚውልበት ዳርቻ አውርደዋልና፣ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

ኢንስፔክተር ሮማን መዝገቡን አልፈረመችም። አስከሬኑን አይታለች። የሱሪው ኪሶች ወደ ውጭ ተገልብጠዋል።

«ጉማሬ ኪስ ይፈትሻል እንዴ?» ብላ አለቃዋን ጠየቀችው።

እስር ቤት ስትገባ ሽማግሌው ጋሽ ገብረየስ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ጻፊውና ልፈርም፣ ልጄ። ሞተሩ ውሃ ገብቶበት እሱን ስነካካ ልጁን አስበላሁት።»

«ላይፍ ጃኬቱን ለተሳፋሪዎቹ ማን ነው የሚያስርላቸው?»

«እኔ ነኛ! ዘለበቱ ሁሉ ተሰብሯል። ከኋላ፣ በመረብ ቋጠሮ አስራለሁ፤ ከፊት ካሰርኩት ሲደነግጡ ይፈቱታል። ስንወርድ እፈታለሁ፣ ስንነሣ መልሼ አስራለሁ። ካሳሁንን ግን መልሼ አላሰርኩትም፤ ሳልደርስለት...»

«የካሳሁን ስልክስ?»

«እንዳይረጥብ የሰጡኝን ሁሉ ፌስታል ውስጥ እኔ ነኝ የምይዘው፤ የእሱም እዚያው እንዳለ ነው።»

ሮማን የአስከሬኑን ፎቶግራፍ ደግማ አየች። ካሳሁን ጃኬቱን ለብሷል። ገመዱ ደረቱ ላይ እንደ ጫማ ክር ታስሯል።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃል አጭር ነበር። «የጥርስ ምልክት የለም። ማጅራቱ ላይ ሰንበር አለ። አፍንጫውን ጭቃ ሞልቶታል፤ ከጃኬቱ ሥርም የሸሚዙ ደረት ጭቃ ብቻ ነው።»

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሐና፣ ወፍ ልታይ የመጣች የምሥራቅ ክፍለ ከተማ መምህርት ናት።

«በመነጽሬ ወፎቹን ሳይ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ጋሽ ገብረየስ ‹ዞር በይ› ብለው እንደ ሕፃን አሰሩኝ። ጀርባዬን አልደርስበት፤ ፖሊስ ጣቢያ እስክገባ ድረስ እንደታሰርኩ ነበርኩ!»

ሌላው ተሳፋሪ ኤልናታን ፒያሳ ቢሮ ያለው የጉብኝት ድርጅት ባለቤት ነው፤ ካሳሁን የእሱ አስጎብኚ ነበር።

«የእነሱን ቡቱቶ አልለብስም፤ የራሴ ባለ ዚፕ ነው። ካሳሁን ለመነሣት ተዘጋጅቶ እጁን ሊታጠብ ሲያጎነብስ ጉማሬው ጎተተው። በዓይኔ አየሁ!»

በዘጠኝ ሰዓት ሮማን ሦስቱንም እዚያው ጀልባ ላይ አሳፈረቻቸው። ባለ ዚፑ ጃኬት ጣቢያ ቀረ፤ ኤልናታንም እያጉረመረመ ቡቱቶውን ለበሰ። ጋሽ ገብረየስ ሁሉንም ከኋላ አሰሩ።

ጉማሬዎቹ መሃል ሲደርሱ «ሞተሩን ያጥፉት» አለች።

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ጆሮዎች ከውሃው ብቅ አሉ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከኋላ። ማንም ሊነሣ አልደፈረም።

«እብድ ነሽ? መልሱን!» አለ ኤልናታን።

«ካሳሁንን የገደለው ጥልቅ ውሃ አይደለም፤ የዳርቻ ጭቃ ነው። ማጅራቱን ይዞ የደፈቀው ሰው አለ። ያን ጊዜ ጃኬቱ ወልቆ ነበር፤ አለዚያ ጭቃው ከሥሩ አይገባም። ከሞተ በኋላ ያለበሰው ደግሞ እንዲንሳፈፍና ነፋሱ ወደ ጉማሬዎቹ እንዲወስደው ነው። ያ ሰው ከፊት አሰረው። ጋሽ ገብረየስ ቢሆኑ እጃቸው የለመደው ከኋላ ነው። ሐናም ከኋላ እንደሚታሰር በጀርባዋ ታውቃለች። የማያውቀው ታስሮ የማያውቅ ነው።»

«በዚህ ነው ሰው የምትከሺው?»

«በስልኩም ነው። ሚስቱ ከፈተችልኝ። የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ለደንበኛህ ጠመንጃ እያቀበልክ ብርቅዬውን ቆርኬ ስታስገድል ካሳሁን ቀርጾሃል።»

«ውሸት! ስልክ አልያዘም፤ ኪሱን...»

ሐና ቀስ ብላ ከጎኑ ራቀች። አንድ ጉማሬ በአፍንጫው ውሃ ተፋ። የኤልናታን ጣቶች ደረቱ ላይ ዘለበት ፈለጉ፣ ገመድ ፈለጉ፤ ምንም አልነበረም።

ወደቡ ላይ ጋሽ ገብረየስ ሐናን ፈቱ፤ ሮማንን ፈቱ።

«እኔንስ?» አለ ኤልናታን ጀርባውን ሰጥቶ።

ሽማግሌው ቋጠሮውን በጣታቸው መረመሩ። ከዚያ አጠበቁት።